የዳሌ ስብራት ከታከመ በኋላ፦ በጎጃም የፊዚዮቴራፒ ክትትል የሚቋረጠው የት ላይ ነው?

በጎጃም ገጠር በዕድሜ የገፉ እናት ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር ቤተሰቡ ገንዘቡንም ጉልበቱንም የሚያፈሰው እሳቸውን ሆስፒታል በማድረስና ቀዶ ሕክምናውን በማስጨረስ ላይ ነው። ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ይሸከማቸዋል፤ መኪና ይኮናተራል፤ ጤፍ ወይም በሬ ይሸጣል፤ ደም የሚሰጥ ዘመድ ይፈለጋል። ብረቱ ገብቶ የመውጫው ወረቀት ሲጻፍ ግን ዋናው ነገር እንዳለፈ ይታሰብና ሁሉም ወደየሥራው ይበተናል። ሕመምተኛዋ ዳግም በእግራቸው ሄደው ደብራቸውን ይሳለሙ ወይስ የአልጋ ቁራኛ ሆነው ይቅሩ የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት፣ ያውም ምንም ባለሙያ በማይደርስበት በገዛ ቤታቸው ነው። የአካባቢያችን የዳሌ ሕክምና ትልቁ ክፍተት ያለው እዚህ፣ በፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴና በልምምድ ጉልበትን በሚመልሰው ሕክምና) ክትትል ላይ ይመስለኛል።

የዳሌ መገጣጠሚያ የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ የሚሽከረከርበት፣ ከሰውነታችን መገጣጠሚያዎች ከባድ ሸክም ከሚያርፍባቸው አንዱ ነው። ሰው ሲራመድ አንዱ እግር ከመሬት በተነሣ ቁጥር መላው ሰውነት በሌላው እግር ላይ ይቀራል። በዚያች ቅጽበት ዳሌው ወደ ጎን እንዳይዘነብል በመቀመጫ ጎን ያሉት ጡንቻዎች አጥብቀው ስለሚስቡ መገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውየው ክብደት ሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ያህል ይደርሳል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ 150 ኪሎና ከዚያ በላይ በዳሌው ላይ ያሳርፋል ማለት ነው። ስብራቱም፣ ቀዶ ሕክምናውም፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መተኛትም የሚያዳክሙት እነዚህኑ ጡንቻዎች ነው። አጥንቱ በራጅ ላይ ገጥሞ እየታየ ሰውየው ግን ወገቡን ወደ ጎን እየጣለ የሚያነክሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብረቱ አጥንት ይይዛል እንጂ የጡንቻን ሥራ አይሠራም። ከዘራም የሚያዘው በታመመው እግር በኩል ሳይሆን በተቃራኒው እጅ መሆኑ ከዚሁ ይመጣል። የቀኝ ዳሌው የታመመ ሰው ከዘራውን በግራ እጁ ይዞ ከታመመው እግር ጋር እኩል ካሳረፈው የጎን ጡንቻዎቹ ሥራ ስለሚቀልላቸው በመገጣጠሚያው ላይ ያለው ጫና ጉልህ በሆነ መጠን ይቀንሳል። በየመንገዱ የምናያቸው ብዙዎቹ አነካሾች ግን ከዘራቸውን በሚያማቸው በኩል ይዘው ነው የሚሄዱት።

መተኛት የሚያስከትለው ጉዳት ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ፈጣን ነው። ምንም ሕመም የሌለባቸው አረጋውያን ለ10 ቀናት ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ በተደረገበት ጥናት ከእግሮቻቸው ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሥጋ ቀልጦ ተገኝቷል። ስብራትና ቀዶ ሕክምና የተጨመረባቸው፣ የምግብ ፍላጎታቸውም የጠፋ ሰው ምን ያህል እንደሚያጡ መገመት አያዳግትም። በእግር ደም ሥር ውስጥ የሚረጋ ደም፣ የሳንባ ምች፣ በጀርባና በተረከዝ ላይ የሚወጣ የመኝታ ቁስል ሁሉም የሚመጡት ከዚሁ ነው። በበለጸጉት አገሮች እንኳ ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን መካከል ከአምስት አንዱ ወይም ከዚያ የሚበልጡት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ፤ በሕይወት ከሚቆዩትም ግማሽ ያህሉ ወደ ቀድሞ አካሄዳቸው አይመለሱም። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ ቀዶ ሕክምናው ሕመምተኛው ሆስፒታል በገባበት ዕለት ወይም በማግስቱ እንዲሠራ፣ የሚከለክል ሕክምናዊ ምክንያት ከሌለም ሕመምተኛው በቀዶ ሕክምናው ማግስት ከአልጋ ተነሥቶ እንዲቆም የሚያዝዘው ይህን በማየት ነው።

በእኛ ቤት ያለው ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው። በሽተኛን ማክበር ማለት ማስተኛት ነው። ጠያቂው ሁሉ «ይተኙ እንጂ እማማ፣ ብረቱ እንዳይላቀቅ» እያለ ይወጣል፤ ልጆቹም እናታቸው ተነሥተው ውኃ ሲቀዱ ከታዩ ጎረቤት «አላስታመሙም» እንዳይላቸው ይፈራሉ። ፍቅር ነው፤ ነገር ግን ሳምንታት እያለፉ ሲሄዱ ጉልበቱን የሚበላው ይኸው ፍቅር ነው። ሕመምተኛዋም በበኩላቸው እንቅስቃሴው ሲያማቸው ስፌቱ ወይም አጥንቱ እየተጎዳ ይመስላቸዋል። በፊዚዮቴራፒ ሥራ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ መነገር ያለበት ይህን የሚመለከት ነው፦ ሲንቀሳቀሱ የሚሰማ፣ አረፍ ሲሉ የሚቀንስና እስከ ማግስቱ ጠዋት የሚለቅ ሕመም የሚጠበቅ ነው። በድንገት የመጣ ኃይለኛ ሕመም፣ እግሩ አጥሮ ወይም ወደ ውጭ ዞሮ መታየት፣ የባት ማበጥና መሞቅ፣ ትኩሳት ወይም ከቁስሉ የሚወጣ መግል ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው፤ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ከመጣማ አንድ ሰዓትም አይጠበቅም።

ሥራው በራሱ ውስብስብ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአልጋ ላይ እንዳሉ ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ፣ የጭንንና የመቀመጫን ጡንቻ አጥብቆ ይዞ መልቀቅ፣ ተረከዝን በፍራሹ ላይ እየጎተቱ ጉልበትን ማጠፍ ይበቃል። ቀጥሎ መቀመጥና መቆም ይመጣል። እዚህ ላይ አስታማሚዋ ልጅ በታመመው እግር በኩል ትቆማለች። ብብት ሥር ገብታ ወደ ላይ መጎተት የለባትም፤ ይህ ትከሻን ይጎዳል፣ ሕመምተኛዋም በራሳቸው ጉልበት እንዳይነሡ ያደርጋል። ይልቁንም አንድ እጇን በወገባቸው ዙሪያ በታሰረው መቀነት ላይ አድርጋ እናትየው በእጃቸው መደቡን ተደግፈው፣ ደረታቸውን በልክ ወደ ፊት አድርገው፣ በጤነኛው እግር ላይ በርትተው እስኪነሡ ትጠብቃለች። መደቡ ዝቅ ያለ ከሆነ ፍራሽ ወይም የታጠፈ ጋቢ ተደራርቦ ከፍ ይደረጋል፤ ጉልበቱ ሲጠና በየሳምንቱ አንድ አንድ እጥፋት ይቀነሳል። ይህ ከመቀመጫ የመነሣት ልምምድ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም አቅም የፈቀደውን ያህል ቢደጋገም ለዳሌና ለጭን ጡንቻ ብዙ መሣሪያ ካለው ክፍል የማይተናነስ ጥቅም አለው። ከዚያ ቆሞ የታመመውን እግር ወደ ጎንና ወደ ኋላ ማንሣት፣ በመጨረሻም ደረጃ መውጣት ይከተላል። ሽቅብ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ቁልቁል ሲወረድ የታመመው።

ለመራመድ ልምምድ ዎከር (በሁለት እጅ ተይዞ የሚሄዱበት የብረት መደገፊያ) የግድ አይደለም። ባሕር ዛፍ በሞላበት አገር በደጃፍ ላይ አራት ባላ ተክሎ ሁለት አግዳሚ እንጨት በሁለቱም ወገን በወገብ ቁመት ማሰር የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ በትልልቅ ሆስፒታሎች የፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ የሚገኘው ትይዩ ብረት ከዚህ የተለየ አገልግሎት የለውም። እንጨቱ በደንብ መላጥ አለበት፣ ባላውም ሲደገፉት እንዳይነቃነቅ ጠለቅ ተደርጎ መተከል አለበት። ርዝመቱ አራት አምስት እርምጃ ከሆነ ይበቃል።

አስታማሚው ከሆስፒታል ሳይወጣ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ የገባው ምንድን ነው? በእኛ አነጋገር ሁሉም «ብረት ገባለት» ይባላል፤ ነገር ግን የተሰበረውን አጥንት አጋጥሞ የሚይዝ ብረት ሌላ፣ የመገጣጠሚያውን ራስ አውጥቶ የተተካ ሰው ሠራሽ ዳሌ ሌላ ነው። የጭን አጥንት አንገት በመገጣጠሚያው ከረጢት ውስጥ ሲሰበር ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄዱት ደም ሥሮች ስለሚቆረጡ በአረጋውያን ላይ ራሱን አውጥቶ መተካት የተለመደ ነው። ዳሌው የተተካለት ሰው፣ በተለይ ቀዶው በኋላ በኩል ከተሠራ፣ በመጀመሪያዎቹ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንታት ዳሌውን ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳያጥፍ፣ እግሩን እንዳያነባብር፣ የእግሩንም ጣቶች ወደ ውስጥ እንዳያዞር ይመከራል፤ ካልሆነ መገጣጠሚያው ሊወልቅ ይችላል። በብረት የተያዘ ስብራት ላይ ደግሞ ዋናው ጥያቄ እግሩ ምን ያህል ክብደት እንዲሸከም ተፈቅዷል የሚለው ነው። ሁለቱ መልሶች በመውጫው ወረቀት ላይ በአማርኛ ካልተጻፉ ቤተሰቡ በግምት ይሄዳል፤ የቤተሰብ ግምትም ሁልጊዜ ወደ መተኛት ያደላል።

90 ዲግሪ የሚባለው ነገር በጎጃም ቤት ውስጥ ምን እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። ዱካ ላይ መቀመጥ ከዚያ በላይ ነው። በገጠር መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ማለት ከዚያ በላይ ነው። እንጀራ ሲጋገር በምጣዱ ፊት መቀመጥ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማ ማሰር፣ ከመሬት ዕቃ ማንሣት ሁሉ ከዚያ በላይ ነው። የፊዚዮቴራፒ መጻሕፍት በብዛት የተጻፉት በወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚኖር ሕዝብ በመሆኑ ግባቸውም ከወንበር ተነሥቶ ያለ ድጋፍ መራመድ ነው። የእኛ ሰው ግን ከዚህም በላይ ያስፈልገዋል። ጤፍ የሚያጭድ ገበሬ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ይውላል፤ የሚያርሰው አንድ እጁ እርፍ ላይ፣ ሌላው ጅራፍ ላይ ሆኖ አንድ እግሩን በትልም ውስጥ፣ ሌላውን ከፍ ባለው መሬት ላይ እያደረገ ነው፤ ይህም ለተጎዳ ዳሌ ከባዱ ፈተና ነው። ስለዚህ ባለሙያው «ምን ሥራ ይሠራሉ? ቤትዎ ከመንገዱ ምን ያህል ይርቃል? መጸዳጃው እንዴት ያለ ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ የሚሰጠው ልምምድ ግማሽ ነው። ለመጸዳጃው መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማንኛውም የሰፈር አናጢ መቀመጫው መካከል ላይ ቀዳዳ ያለው፣ ግራና ቀኝ መደገፊያ ያለው ወንበር ይሠራል። ቁጢጥ ማለት ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ደግሞ ራሱ እንደ ልምምድ ቀስ በቀስ መመለስ አለበት። ለብዙ ጊዜ ሳይታጠፍ የቆየ ዳሌ በአንድ ቀን አይታጠፍም።

የቤተ ክርስቲያን ጉዳይም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም፤ ለብዙ አረጋውያን መዳን ማለት ቅዳሴ ቆሞ ማስቀደስ ነው። ሦስት ሰዓት መቆም በስድስተኛው ሳምንት የሚጠበቅ አይደለም፤ ነገር ግን አሥር ደቂቃ ቆሞ፣ አረፍ ብሎ፣ እንደገና መቆም ከጥሩ ልምምዶች አንዱ ነው፤ መቋሚያውም ከብዙ ከዘራዎች የተሻለ ቁመት ስላለው ጥሩ ድጋፍ ይሆናል። ስግደት ግን የተተካ ዳሌን ወደ ጥልቅ መታጠፍ የሚወስድ በመሆኑ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ በቁም በጥቂቱ ጎንበስ በማለት ቢተካ ይሻላል። ጾምንም በተመለከተ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ፈቃድ እንደምትሰጥ እየታወቀ ብዙ እናቶች ቁስላቸው ሳይጠግግ ሁዳዴን ይገባሉ። ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይመለስም። የንስሐ አባት ቢያማክሩ መልካም ነው፤ እጾማለሁ ላሉትም ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው በብዛትና በየማዕዱ ሊቀርብላቸው ይገባል።

ስለ ወጌሻ ሳይነሣ ይህ ርዕስ አያልቅም። ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ይታመናል፣ ዋጋውም ይቀልላል፤ በወለምታ ላይ ያለውን ልምድም ማጣጣል አያስፈልግም። ዳሌ ላይ ግን አደጋው ይበዛል። የዳሌ መገጣጠሚያ ሲወልቅ በስድስት ሰዓት ውስጥ ወደ ቦታው ካልተመለሰ የአጥንቱ ራስ ደም አጥቶ የመሞቱ ዕድል ይጨምራል፤ ስለዚህ በማሸትና በመጎተት የሚያልፈው ቀን ኋላ የማይመለስ ነው። አጥብቆ የታሰረ ሽመል የደም ዝውውርን አቋርጦ እግር እስከ ማስቆረጥ የደረሰባቸው ሕመምተኞች በአገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ታይተዋል። ከቀዶ ሕክምና በኋላም «ትንሽ ቢታሽ ይፍታታል» ተብሎ በቅቤ ወይም በቅባኑግ ቁስሉን ማሸት፣ እግሩንም መሳብ አይገባም። በሌላ በኩል ወጌሻውን ከሕክምናው ውጭ ማስቀረት ብልህነት አይመስለኝም፤ የትኛውን ጉዳት ሳይነካ ወደ ሆስፒታል እንደሚልክ የሠለጠነ ወጌሻ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ብዙ ጉዳት ያስቀራል።

ሁሉም የዳሌ ሕመም ከስብራት የሚመጣ አይደለም። ብዙ ሰው መቀመጫውን ወይም ሽንጡን ይዞ «ዳሌዬን» ይላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ከወገብ የሚመጣ ነው። የመገጣጠሚያው የራሱ ሕመም በብሽሽት በኩል ይሰማል፣ ወደ ጭን ፊትና እስከ ጉልበትም ይወርዳል፤ ጫማ ማጥለቅና የእግር ጥፍር መቁረጥ አስቸጋሪ መሆኑም ጥሩ ምልክት ነው። በዕድሜ የሚመጣው የመገጣጠሚያ መበላት ሲሆን የመጀመሪያው ሕክምና በመላው ዓለም እንቅስቃሴ፣ ትምህርትና ክብደት መቀነስ ነው። ከ30 እስከ 50 ባለው ዕድሜ ያለ ወንድ ብሽሽቱን ሲያመው ግን ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባል፤ አረቄ አብዝቶ ይጠጣል ወይ? ለቁርጥማት ተብሎ ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የተባለውን መድኃኒት ወስዷል ወይ? ሁለቱም የአጥንቱ ራስ ደም አጥቶ እንዲሞት ከሚያደርጉ ዋና ዋና ምክንያቶች መካከል ናቸው። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ትኩሳትና መክሳት ካለበት ደግሞ የዳሌ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ልምምድ ከመጀመሩ በፊት መመርመር አለበት። ጉልበቱን አሞት የሚያነክስ ልጅም ዳሌው በራጅ ሳይታይ በቅባት ብቻ መመለስ የለበትም። (ይህን ካነሣን ዘንድ፦ እናቶቻችን ሕፃኑን ሁለት እግሮቹን ከፍተው በአንቀልባ ማዘላቸው ለሕፃን ዳሌ ተስማሚ አቀማመጥ ነው፤ እግሮቹን አቃንቶ አጥብቆ መጠቅለል ግን ዳሌው በሥርዓት እንዳያድግ ሊያደርግ ይችላል።)

አሁን ወደ ሥርዓቱ እንመለስ። በአገራችን የጤና አደረጃጀት መሠረት አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000፣ ጠቅላላ ሆስፒታል ደግሞ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቧል። የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት በብዛት የተሰባሰበው በላይኛው እርከን፣ ማለትም በባሕር ዳር ባሉት በፈለገ ሕይወትና በጥበበ ግዮን፣ በደብረ ማርቆስም ባለው ትልቅ ሆስፒታል አካባቢ ነው። ሞጣ ላይ ያለ ሕመምተኛ ባሕር ዳር ለመድረስ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለበት፤ ለአርባ ደቂቃ ልምምድ ተብሎ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚደረግ ጉዞ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድ በሚዘጋባቸው ቀናት የቀጠሮን ነገር ጨርሶ ተስፋ የማይጣልበት አድርጎታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. «ተሐድሶ 2030» በሚል ጥሪ ተሐድሶ (ከሕመም ወይም ከጉዳት በኋላ የሰውነትን አቅም የመመለስ አገልግሎት) ከሆስፒታል ወርዶ በመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ውስጥ እንዲገባ ሲጠይቅ የታሰበው እንዲህ ያለው አካባቢ ነው።

ተጨማሪ ሕንፃ እስኪሠራ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን በዲግሪ ደረጃ ለዓመታት ሲያሠለጥን ቆይቷል፤ አንዱን እንኳ በየመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሉ መመደብ ብዙ ነገር ይለውጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት እየዞረች ነፍሰ ጡርና ሕፃን ትከታተላለች፤ ዳሌው ታክሞ የተመለሰ ሰውንም በዝርዝሯ ውስጥ እንድታስገባ የሁለት ቀን ሥልጠናና አንድ ገጽ ሥዕላዊ መመሪያ ይበቃታል። የማኅበረሰብ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር በአማራ ክልል ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የጎጃሙ ደቡብ አቸፈር ነበር፤ መድኑ በቆየባቸው ወረዳዎች የተሐድሶ ክትትልንና የክራንች ዋጋን በግልጽ እንዲሸፍን ማድረግ ተመልሶ በመኝታ ቁስል ወይም በሳንባ ምች የሚገባን ሰው ከማከም ይረክሳል። ከሁሉ በፊት ግን ሆስፒታሉ ውስጥ ራሱ የሚሠራ ነገር አለ፤ አስታማሚው ሕመምተኛዋን በራሱ እጅ አስነሥቶ፣ አራምዶና ወንበር ላይ አስቀምጦ በባለሙያ ፊት ሳያሳይ የመውጫ ወረቀት ባይሰጥ።

ሌላው የመዝገብ ጉዳይ ነው። ሆስፒታል በዓመት ስንት ዳሌ እንደተሠራ ይመዘግባል፤ ከተሠራላቸው ውስጥ ስንቱ በሦስተኛው ወር እንደሚራመዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅም። በዛሬው ጊዜ ከቤተሰቡ አንዱ ስልክ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። በሁለተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ከፊዚዮቴራፒ ክፍሉ የሚደወል የአምስት ደቂቃ ጥሪ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ትናንት ከአልጋ ስንት ጊዜ ተነሡ? እስከ የት ድረስ ሄዱ? በምን ተደግፈው? በስድስተኛው ሳምንት «አልተነሡም» የሚል መልስ ሲመጣ ያኔውኑ ለቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ተደውሎ በማግስቱ ቤታቸው እንድትሄድ ማድረግ ይቻላል። የሁሉም መልስ በአንድ መዝገብ ሲሰበሰብም የትኛው ወረዳ ክትትል እንደሚያንሰው ዓመት ሳይሞላ በግልጽ ይታያል።